ሁሉን የሚረታ መሣሪያ ጨዋታን ይገድላልን? በቪዲዮ ጨዋታዎች ሆን ተብሎ ስለሚሰጥ ከልክ ያለፈ ኃይል

መግቢያ

የቪዲዮ ጨዋታ የሚያዘወትሩ ወጣቶች ተሰብስበው በሚከራከሩበት ጊዜ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም አንደኛው ገጸ ባሕርይ ወይም አንደኛው መሣሪያ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ የበረታ በመሆኑ «ጨዋታው ፍትሐዊ አይደለም» የሚል ነው። ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ የሚላከከው በጨዋታው ሠሪዎች ላይ ነው፤ ሒሳባቸውን በትክክል እንዳልሠሩ፣ ሥራቸውንም በቅጡ ሳይፈትሹ ለገበያ እንዳቀረቡ ይቆጠራል። እርግጥ ነው፣ በስሕተት የተፈጠረ የኃይል መዛባት ሞልቷል። ይሁን እንጂ በጨዋታዎች ታሪክ ውስጥ ስማቸው ገንኖ የሚነሳ በርካታ መሣሪያዎችና ገጸ ባሕርያት በስሕተት የበረቱ አይደሉም። ሠሪዎቻቸው አስበውና አውቀው፣ ከሌሎቹ በላይ እንዲሆኑ ፈልገው የፈጠሯቸው ናቸው።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ሚዛን ለመጠበቅ የሚደክም ባለሙያ ስለ ምን ብሎ ሚዛኑን በገዛ እጁ ያዛባል? ሚዛኑ ከተዛባ በኋላስ አንደኛው ጨዋታ ሕይወት ሲዘራ ሌላው የሚሞተው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን የሚመረምረው በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ፣ በቀላል የአማካይ ስሌትና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚሰጠው የትሪጎኖሜትሪ ትምህርት አማካይነት ነው። የምንደርስበትን ድምዳሜ አስቀድመን እናመልክት፤ ጨዋታን የሚገድለው የኃይል መብዛት ሳይሆን ኃይሉ ዋጋ የማይከፈልበት መሆኑ ነው። ዋጋው የሚከፈልበት ሥፍራም ራሱ ጨዋታው ሊሆን ይገባዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምርጫ እንዴት ይሞታል?

የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ጆን ፎን ኖይማን በ1928 ባሳተመው ጥናት፣ በኋላም ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር በ1944 ባወጣው መጽሐፍ መሠረቱን የጣለ የሒሳብ ዘርፍ ነው። የሚያጠናውም የአንዱ ውጤት በሌላው ምርጫ ላይ በሚመሠረትበት ጊዜ ሰዎች እንዴት ሊወስኑ እንደሚገባ ነው። በዚህ ዘርፍ ውስጥ ለጉዳያችን እጅግ የሚጠቅም አንድ ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ እርሱም «የበላይ ምርጫ» ይባላል። ተቀናቃኙ ምንም ቢያደርግ አንደኛው ምርጫ ከሌላው የማያንስ፣ ቢያንስ በአንድ ሁኔታ ደግሞ የሚበልጥ ከሆነ፣ የበለጠው የበላይ፣ ያነሰው የበታች ይሆናል። አስተዋይ ተጫዋች የበታች የሆነውን የሚመርጥበት ምክንያት የለውም። ስለዚህም የበታቹ ምርጫ በደንቡ ላይ ተጽፎ ቢገኝም በተግባር ሞቷል ማለት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡን ሁሉም በሚያውቀው በድንጋይ፣ ወረቀትና መቀስ ጨዋታ እንፈትሽ። ድንጋይ መቀስን ይሰብራል፤ መቀስ ወረቀትን ይቆርጣል፤ ወረቀት ደግሞ ድንጋይን ይጠቀልላል። በሒሳብ ቋንቋ ስንገልጸው «ማሸነፍ» የሚለው ግንኙነት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተሻጋሪ አይደለም። ድንጋይ መቀስን፣ መቀስም ወረቀትን ማሸነፉ ድንጋይ ወረቀትን እንዲያሸንፍ አያደርገውም። በመሆኑም ከሦስቱ የበላይ የሚባል የለም፤ እያንዳንዱን በ1/3 ዕድል እያፈራረቀ የሚጫወትን ሰው ማንም በዘዴ ሊበልጠው አይችልም።

በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች፣ ለምሳሌ በጀርመንና በፈረንሳይ፣ ልጆች ከሦስቱ ላይ አራተኛ ይጨምራሉ፤ ይህም የውኃ ጉድጓድ ነው። ድንጋይም ሆነ መቀስ ወደ ጉድጓድ ስለሚገቡ ጉድጓድ ሁለቱን ያሸንፋል፤ የሚሸነፈው አፉን በሚከድነው በወረቀት ብቻ ነው። ጉድጓድ ሆን ተብሎ ከቀድሞዎቹ የበለጠ ኃይል የተሰጠው መሆኑ ግልጽ ነው፤ የቀድሞዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሲያሸንፉ እርሱ ሁለት ያሸንፋልና። እንግዲህ ድንጋይንና ጉድጓድን እናነጻጽር። ሁለቱም መቀስን ያሸንፋሉ፤ ሁለቱም በወረቀት ይሸነፋሉ፤ እርስ በርስ ሲገናኙ ደግሞ ጉድጓድ ያሸንፋል። ስለዚህ ጉድጓድ የድንጋይ የበላይ ነው፤ ድንጋይን መምረጥ ትርጉም ያጣል።

ድንጋይ ከወጣ በኋላ ማን እንደቀረ ልብ እንበል። መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ጉድጓድን፣ ጉድጓድ መቀስን ያሸንፋል። ዑደቱ እንደገና ተዘግቷል፤ እያንዳንዱም ወደ 1/3 ተመልሷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ኃያሉ አዲስ ምርጫ ጨዋታውን አልገደለም፤ የገደለው እርሱን የሚመስለውን ደካማ ወንድሙን ነው። ሁለተኛ፣ የአንድ ምርጫ ጥቅም በኃይሉ ብቻ አይለካም። አራቱም በእኩል ዕድል ቢመረጡ ድንጋይም መቀስም አንድ ጊዜ ሲያሸንፉ ሁለት ጊዜ ይሸነፋሉ። በቁጥር እኩል ደካሞች ናቸው። ነገር ግን መቀስ ወረቀትን ሊገታ የሚችል ብቸኛ ምርጫ ስለሆነ ይኖራል፤ ድንጋይ የሚሠራውን ሥራ ሌላው በተሻለ ስለሚሠራው ይጠፋል።

አሁን በጉድጓድ ፋንታ ሦስቱንም የሚያሸንፍ «መብረቅ» የሚባል ምርጫ እንጨምር። መብረቅ የሦስቱም የበላይ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ዘወትር መብረቅን ይመርጣሉ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ አቻ ይሆናል። አራት ምርጫ ያለው የሚመስለው ጨዋታ አንድ ምርጫ ብቻ ቀርቶታል፤ አንድ ምርጫ ያለው ጨዋታ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። ጉድጓድን ከመብረቅ የለየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጉድጓድን የሚከድን ወረቀት አለ፤ መብረቅን የሚከለክል ግን የለም። እንግዲህ የጨዋታ ሠሪ ጥበብ ለኃያሉ መሣሪያ የሚሆን «ወረቀት» መፈለግ ነው። ይህ ወረቀት ሌላ መሣሪያ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ርቀት፣ ጊዜ፣ ገንዘብ ወይም አደጋም ሊሆን ይችላል።

ከንግሥቲቱ እንጀምር

ሆን ብሎ ኃይልን መጨመር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። የአገራችን ሰንጠረዥ ከቀድሞው የምሥራቅ ቼዝ የተወረሰ ሲሆን፣ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄድ ደካማ ጠጠር ነው። በአውሮፓም ይኸው ጠጠር ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲሁ ደካማ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ግን ወደ ንግሥትነት ተለወጠ፤ በቀጥታም በአግድምም በሰያፍም እስከፈለገ ድረስ እንዲሄድ ተፈቀደለት። በአንድ ጊዜ ከደካማነት ወደ ሁሉ የበላይነት መሸጋገሩ ቼዝን አላጠፋውም፤ ይልቁንም አፈጠነው።

ንግሥቲቱን የገታት ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ንግሥት አላቸው። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ግን ራሱ ኃይሏ ነው። በእርሷ ላይ ተራ ወታደር ሲያነጣጥርባት ሸሽታ መሄድ ይኖርባታል፤ ንግሥትን በወታደር መለወጥ ኪሳራ ነውና። ወታደር ከንግሥት አይሸሽም፤ ጓደኛው ከኋላው ከጠበቀው በቦታው ይቆማል። ኃያሏ ጠጠር ብዙ ልታጣ ስለምትችል በደካሞች ትገፋለች። ይህን መርህ በኋላ በቪዲዮ ጨዋታም ደጋግመን እናገኘዋለን።

የዱም ጨዋታ ቢ.ኤፍ.ጂ. 9000፦ በስሌት የተገደበ ኃይል

ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በታኅሣሥ 1993 ያወጣው ዱም የተሰኘው ጨዋታ ቢ.ኤፍ.ጂ. 9000 የሚባል መሣሪያ አለው። መሣሪያው ከጨዋታው መሣሪያዎች ሁሉ የላቀ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። አሠራሩ በዝርዝር የታወቀ በመሆኑ ለስሌት ይመቸናል።

መሣሪያው ሲተኮስ አረንጓዴ የፕላዝማ ኳስ ይወጣል። ኳሱ በቀጥታ የመታው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 100 በዕጣ ከ1 እስከ 8 በሚወጣ ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች እኩል ዕድል ካላቸው አማካያቸው 4.5 ስለሆነ የኳሱ አማካይ ጉዳት 450 ነጥብ ነው። ኳሱ ከፈነዳ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዓይን የማያያቸው 40 ጨረሮች በ90 ዲግሪ ስፋት ይረጫሉ። የእያንዳንዱ ጨረር ጉዳት ከ1 እስከ 8 በሚወጡ 15 የዕጣ ቁጥሮች ድምር ይወሰናል፤ አማካዩም 15 × 4.5 = 67.5 ነጥብ ነው። ጨረሮቹ ሁሉ በአንድ ጠላት ላይ ቢያርፉ 40 × 67.5 = 2,700 ነጥብ ይሆናል። ከኳሱ ጋር ሲደመር 3,150 ነጥብ ማለት ነው።

ዋጋውስ? አንድ ተኩስ 40 የኃይል ሴል ይፈጃል። ተጫዋቹ ሊይዝ የሚችለው 300 ሴል ብቻ ስለሆነ፣ ተጨማሪ መያዣ ከረጢት ካላገኘ በቀር፣ ከ7 ተኩስ በላይ አይኖረውም። ከዚህም ሌላ ተጫዋቹ ከተኮሰ በኋላ ኳሱ እስኪወጣ 30 የጨዋታ ቅጽበት ያልፋል። የዱም አንድ ሰኮንድ በ35 ቅጽበት የተከፈለ ስለሆነ ይህ 0.86 ሰኮንድ ያህል ነው፤ በፈጣን ጨዋታ ውስጥ ረጅም ጊዜ ነው።

በዚያው ጨዋታ ውስጥ በተመሳሳይ ሴል የሚሠራ የፕላዝማ ጠመንጃ አለ። አንዱ ጥይቱ አንድ ሴል ይፈጃል፤ ጉዳቱም 5 በዕጣ ከ1 እስከ 8 በሚወጣ ቁጥር የሚባዛ በመሆኑ በአማካይ 22.5 ነጥብ ነው። 40 ሴል በዚህ ጠመንጃ ቢተኮስና ሁሉም ዒላማውን ቢመታ 40 × 22.5 = 900 ነጥብ ያደርሳል፤ ይህን ለመፈጸም 3.4 ሰኮንድ ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ቢ.ኤፍ.ጂ. በአንድ ጠላት ላይ ከፕላዝማው ጠመንጃ የሚሻለው ስንት ጨረር ሲያርፍ ነው? ያረፉትን ጨረሮች ብዛት በ«ብ» ብንወክል፦

450 + 67.5 × ብ = 900

ብ = 6.67 ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ 7 ጨረር ዒላማው ላይ ካላረፈ፣ ሴል ለመቆጠብ የሚያስብ ተጫዋች በደካማው ጠመንጃ መጠቀም ይሻለዋል።

ቀጥሎ ስንት ጨረር እንደሚያርፍ የሚወስነው ጂኦሜትሪ ነው። ጨረሮቹ የሚነሱት ኳሱ ከፈነዳበት ሳይሆን ተኳሹ ከቆመበት ሥፍራ ነው። 90 ዲግሪ ለ40 ሲካፈል በጨረሮቹ መካከል 2.25 ዲግሪ ይኖራል። 7 ጨረር ለማሳረፍ ዒላማው ከተኳሹ ዓይን አንጻር 15.75 ዲግሪ ያህል መሸፈን አለበት። የዒላማውን ወርድ «ወ»፣ ርቀቱን «ር» ብንል፣ የማዕዘኑን ግማሽ ወስደን፦

ታንጀንት 7.875° = (ወ ÷ 2) ÷ ር

ታንጀንት 7.875° ወደ 0.138 ስለሚጠጋ ር = 3.6 × ወ ይሆናል። ማለትም ጠላቱ ከወርዱ 3.6 እጥፍ በላይ ከራቀ የኃያሉ መሣሪያ ብልጫ ይጠፋል። 40ዎቹም እንዲያርፉ ደግሞ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆን ስላለበት ርቀቱ ከጠላቱ ወርድ ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ከጠላት ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ መቆም ማለት ነው።

በዚህም የመሣሪያው እውነተኛ ዋጋ ተገለጠ። ሴሉ ብቻ ሳይሆን አደጋው ነው። ከፍተኛውን ኃይል የሚያገኘው ወደ ጠላቱ አፍ ለመቅረብ የደፈረ፣ ለ0.86 ሰኮንድም እጁን ዘርግቶ ለመጠበቅ የቆረጠ ተጫዋች ነው። ሩቅ ሆኖ በመሣሪያው መተማመን የሚወድ ሰው የሚያገኘው ግማሹንም አይደለም። ሠሪዎቹ መሣሪያውን አላደከሙትም፤ ኃይሉን ከድፍረትና ከማስላት ችሎታ ጋር አሰሩት።

ሌሎች የዋጋ ዓይነቶች

ዋጋ የሚከፈልባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ከታወቁት ጥቂቶቹን እንመልከት።

የጊዜ ዋጋ፦ ናምኮ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1980 ባወጣው ፓክ-ማን ውስጥ ተጫዋቹ ከሚያሳድዱት መናፍስት ይሸሻል። በመተላለፊያዎቹ ማዕዘናት ካሉት አራት ትልልቅ ክኒኖች አንዱን ሲውጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሳዳጆቹ ሰማያዊ ሆነው ይሸሻሉ፤ እርሱም ሊበላቸው ይችላል። ይህ ፍጹም የበላይነት በመጀመሪያው ደረጃ የሚቆየው ለ6 ሰኮንድ ነው። ተጫዋቹ ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች በወጣ ቁጥር ጊዜው እያጠረ ሄዶ ከ19ኛው ደረጃ ጀምሮ ፈጽሞ ይቀራል። ኃይሉ ለጀማሪው መማሪያ፣ ለአዋቂው ደግሞ የሚነጠቅ ምርኩዝ ነው።

የብርቅነት ዋጋ፦ ሬር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1997 ለኒንቴንዶ 64 ባቀረበው ጎልደንአይ 007 ውስጥ የወርቅ ሽጉጥ አለ። በአንድ ጥይት ይገድላል። ይሁንና አንድ ጊዜ ከተኮሰ በኋላ እንደገና መጉረስ ይኖርበታል። በሽጉጡ ስም በተሰየመው የውድድር ዓይነት ደግሞ በሜዳው ላይ ያለው አንድ ሽጉጥ ብቻ ነው፤ የያዘው ተጫዋች የጥይት መከላከያ ልብስ ማንሳት አይችልም፤ ሌሎቹ ግን ይችላሉ። ኃያሉ የሁሉ ዒላማ ይሆናል። ከቼዝ ንግሥት ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ያስተውለዋል።

የገንዘብ ዋጋ፦ በካውንተር-ስትራይክ ውስጥ ኤ.ደብሊው.ፒ. የተባለው ባለ አጉሊ መነጽር ጠመንጃ ሙሉ ጤና ያለውን ተጫዋች ከእግር በላይ በአንድ ጥይት ይጥላል። ዋጋው በጨዋታው ገንዘብ 4,750 ዶላር ነው። ተጫዋቹ ግጥሚያውን የሚጀምረው በ800 ዶላር በመሆኑ መሣሪያውን ለመግዛት ለቀጣይ ዙሮች መቆጠብ አለበት። የገዛው ሰው ከሞተ ጠመንጃው መሬት ላይ ስለሚወድቅ ጠላቱ ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የትኛው ነው?» መሆኑ ይቀርና «በዚህ ዙር ልግዛ ወይስ ልቆጥብ?» ይሆናል። ምርጫው አልሞተም፤ ከመሣሪያ ምርጫ ወደ ኢኮኖሚ ውሳኔ ተሸጋገረ።

አኩማ፦ ዋጋ ያልተጠየቀበት ኃይል

ካፕኮም የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1994 ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ተርቦ የተሰኘውን የፍልሚያ ጨዋታ ሲያወጣ በውስጡ አኩማ የሚባል ገጸ ባሕርይ ደበቀ። አኩማ ብቃታቸውን ላስመሰከሩ ተጫዋቾች በመጨረሻ የሚገለጥ አስፈሪ ተቀናቃኝ ነበር፤ በምሥጢር ቁልፍ አማካይነትም ተጫዋቾች ሊመርጡት ይችሉ ነበር። በአየር ላይ ዘሎ የኃይል ኳስ ወደ ታች ይወረውራል፤ ሌሎቹ ተዋጊዎች በተደጋጋሚ ሲመቱ የሚደርስባቸው መደንዘዝም እርሱን አይነካውም። የሌሎቹ ተዋጊዎች መሣሪያ የተሠራው ከመሬት ለሚመጣ ኳስ ስለነበር ከሰማይ ለሚወርደው አጥጋቢ መልስ አልነበራቸውም። አኩማ መብረቁ ነበር፤ ወረቀት አልተዘጋጀለትም።

ውጤቱ ንድፈ ሐሳቡ እንደሚተነብየው ሆነ። በውድድር መድረክ አኩማ ከተፈቀደ ሌላውን መምረጥ ትርጉም ያጣል። በመሆኑም በአሜሪካ ውድድሮች ታገደ፤ በጃፓን ደግሞ ከደንብ ይልቅ በተጫዋቾች መግባባት ተተወ። እዚህ ላይ መጤን ያለበት ቁም ነገር አለ። ሠሪዎቹ ያልጻፉትን ሕግ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጻፉ፤ የጻፉትም የማሸነፊያ መሣሪያቸውን በፈቃዳቸው በመተው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያስብ አኩማን መምረጥ ይጠቅመዋል፤ ሁሉም ከመረጡት ግን የሚወዱት ጨዋታ ይጠፋል። የግል ጥቅምና የጋራ ጥቅም የሚጋጩበት ይህ ዓይነቱ ሁኔታ በኢኮኖሚክስና በሥነ ምኅዳር ትምህርትም የሚገጥመን ነው።

ካፕኮምም በኋላ ዋጋውን ጨመረ። በ2008 በወጣው ስትሪት ፋይተር 4 አኩማ ብርቱ ጥቃቱን እንደያዘ ቀረበ፤ ነገር ግን የጤና መጠኑ 850 ነጥብ ብቻ ሆነ፤ የሪዩ 1,000 ነበር። ብዙ የሚጎዳ በቀላሉ የሚሰበር ሆነ ማለት ነው። ገጸ ባሕርዩ ከስደት ወደ መድረክ ተመለሰ።

ተቀናቃኝ በሌለበትስ?

እስካሁን የተናገርነው ሰውና ሰው ስለሚፋለሙባቸው ጨዋታዎች ነው። አንድ ሰው ለብቻው ከኮምፒዩተር ጋር በሚጫወትበት ጊዜ ግን ኃይል ማንንም አያስከፋም። ስለዚህ ሠሪዎች ለትረካ ይጠቀሙበታል። በ2004 ቫልቭ ባወጣው ሃፍ-ላይፍ 2 መጨረሻ አካባቢ የተጫዋቹ መሣሪያዎች ሁሉ ይወድሙና የቀረው አንዱ፣ ዕቃ ማንሻና መወርወሪያው፣ ባልታሰበ ሁኔታ እጅግ ይበረታል። ለብዙ ሰዓታት ጥይት እየቆጠረ የተንገላታው ተጫዋች ለጥቂት ጊዜ የበላይ ይሆናል። በ1997 ኮናሚ ባወጣው የካስልቬንያ ጨዋታ ደግሞ ተቃራኒው ተደርጓል፤ ተጫዋቹ ጉዞውን በብርቱ ትጥቅ ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ሞት ራሱ ቀርቦ ትጥቁን ይነጥቀዋል። ያጣውን ስለሚያውቅ መልሶ ለማግኘት ይተጋል። በሁለቱም ኃይሉ የሚለካው ከበፊቱ ወይም ከኋላው ድካም ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኃያል የሆነ ሰው ኃያል መሆኑን የሚያውቅበት መለኪያ የለውም።

ዋጋው ከጨዋታው ውጭ ሲከፈል

እስካሁን የጠቀስናቸው ዋጋዎች ሁሉ አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ሴሉ፣ ጊዜው፣ አደጋውና የጨዋታው ገንዘብ ለሁሉም ተጫዋች በእኩል የተዘረጉ ናቸው። ሀብታምም ድሀም ዱምን በተመሳሳይ 300 ሴል ይጫወታል። ኃይል በእውነተኛ ገንዘብ ሲሸጥ ግን ይህ እኩልነት ይፈርሳል።

በኅዳር 2017 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያወጣው ስታር ዎርስ ባትልፍሮንት 2 ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። በጨዋታው ውስጥ የተዋጊን ኃይል የሚያሳድጉ ካርዶች በዕጣ ሣጥኖች ይታደሉ ነበር፤ ሣጥኖቹንም በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ይቻል ነበር። እንደ ዳርት ቬደር ያሉ ኃያላን ገጸ ባሕርያትን ለማስከፈት 60,000 የጨዋታ ነጥብ ይጠየቅ ነበር። የተጫዋቾች ቁጣ በመበርታቱ ይህ ቁጥር ወደ 15,000 ዝቅ ተደረገ፤ ጨዋታው በይፋ ለሽያጭ ሊቀርብ በተቃረበበት ዕለትም በገንዘብ መግዛቱ ታገደ። በመጋቢት 2018 ደግሞ ኃይል የሚሰጡ ካርዶች ከሣጥኖቹ ወጡ። በሚያዝያ 2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በአገሩ ሕግ ቁማር ናቸው ሲል አስታወቀ።

ዳርት ቬደር ኃያል መሆኑን የተቃወመ አልነበረም፤ በታሪኩም ኃያል ነውና። ተቃውሞው ኃይሉን ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ኪስ በመግባቱ ነው። በሜዳ የሚከፈል ዋጋ ተቀናቃኙ ሊያየው፣ ሊገምተውና ሊጠቀምበት ይችላል፤ የቢ.ኤፍ.ጂ. ተኳሽ ኳሱ እስኪወጣ ሲጠብቅ ጠላቱ ያመልጣል። በኪስ የተከፈለ ዋጋ ግን ለተቀናቃኙ ምንም ዕድል አይከፍትም። ለገዛው ሰው ጉድጓድ፣ ላልገዛው መብረቅ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ከልክ ያለፈ ኃይል በራሱ የጨዋታ በሽታ አይደለም። አንድን ኃያል መሣሪያ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበቃል። ይህን ኃይል የሚገታው ምንድን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ዋጋው የሚከፈለውስ የት ነው? መልሱ «የሚገታው የለም» ከሆነ መሣሪያው መብረቅ ነው፤ ምርጫን ይገድላል። ዋጋው በሜዳው ላይ በተጠቃሚው የሚከፈል ከሆነ ጨዋታውን ያበለጽጋል። እነዚህ ጥያቄዎች ለቪዲዮ ጨዋታ ብቻ የሚያገለግሉ አይደሉም፤ ሕግ፣ ደንብና ሥልጣን ባለበት ሁሉ ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው።

መልመጃ

1. በድንጋይ፣ ወረቀትና መቀስ ላይ ድንጋይንና ወረቀትን የሚያሸንፍ፣ በመቀስ ብቻ የሚሸነፍ አራተኛ ምርጫ ቢጨመር ከሦስቱ የትኛው ይሞታል?

2. የቢ.ኤፍ.ጂ. ጨረሮች በ90 ዲግሪ ውስጥ 40 መሆናቸው ቀርቶ 20 ቢሆኑ፣ የአንዱ ጨረር ጉዳት ሳይለወጥ፣ ብልጫው የሚጠፋበት ርቀት የዒላማው ወርድ ስንት እጥፍ ይሆናል?

3. ሳይበርዲመን የተባለው የዱም ጠላት 4,000 የሕይወት ነጥብ አለው። በእያንዳንዱ ተኩስ ኳሱና 10 ጨረሮች ቢያርፉበት በአማካይ ስንት ሴል ያስፈልጋል? በፕላዝማ ጠመንጃስ?

መልስ፦ 1) ወረቀት። 2) 1.8 እጥፍ ያህል። 3) በቢ.ኤፍ.ጂ. 4 ተኩስ ወይም 160 ሴል፤ በፕላዝማ ጠመንጃ 178 ሴል።